ትዕዛዙ በማን እጅ ላይ ነው?

ከገደብ ቡና የምንማረው የሥራ ድርሻ ትምህርት

ውድ አንባቢ፥ እስቲ ለምሳሌ ያህል የሰው ግቢ በሣርና በአበባ እያስዋበ የሚተዳደር አንድ ትንሽ ድርጅት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። አንዲት እመቤት አዲስ ቤት ሠርተው ኖሮ፥ በግቢያቸው ሣር እንዲነጠፍ፥ በአጥሩ ዙሪያ ጥድ እንዲተከል፥ በበሩም አጠገብ ጽጌረዳ እንዲያብብ ፈልገው ወደ ድርጅቱ መጡ። በጽሕፈት ቤቱ ያለችው ልጅ በትሕትና ተቀብላ ትዕዛዛቸውን ጻፈች። ለኪው ሄዶ ግቢውን ለካ። ሒሳብ ሹሙ ዋጋውን አስልቶ ቀብድ ተቀበለ። የችግኝ ጣቢያው ሰው ችግኙን አዘጋጀ። ሾፌሩም በተባለው ቀንና በተባለው ሰዓት ጭኖ ከበሩ አደረሰ። ሁሉም የታዘዘውን ፈጸመ።

ነገር ግን ጉድጓዱ አልተቆፈረም ነበር። አትክልተኞቹ በዚያን ቀን የተላኩት ወደ ሌላ ሰፈር ነው። ችግኙ ሦስት ቀን ሙሉ በፀሐይ ላይ ቆሞ ጠወለገ። እመቤቲቱ ተቈጥተው ስልክ ቢደውሉ ጸሐፊዋ «እኔ ጽፌ አስተላልፌአለሁ» አለች፤ ለኪው «እኔ ለክቼ ሰጥቻለሁ» አለ፤ ሒሳብ ሹሙ «ገንዘቡ በደንብ ገቢ ሆኗል» አለ፤ ሾፌሩም «እኔ በሰዓቱ አድርሻለሁ» አለ። ከእነዚህ ሰዎች ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰነፈም። ችግኙ ግን ደረቀ።

እንግዲህ ይህ ችግኝ የደረቀው በማን እጅ ላይ ነው ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ በእጅና በእጅ መካከል ነው የሚል ይሆናል። አንዱ ሰው «ሰጠሁ» ባለበትና ሌላው ሰው «ተቀበልሁ» ባላለበት ክፍት ቦታ ላይ ነው የጠፋው።

ይህ ነገር የአትክልት ሥራ ብቻ ችግር እንዳይመስለን። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የቆመ ባለጉዳይ ሁሉ ያውቀዋል። «ፋይልህ እኛ ዘንድ የለም፤ ወጥቷል» ይሉታል። «ወዴት?» ቢል፥ «ወደሚመለከተው ክፍል» ይባላል። የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ ግን የሚነግረው አያገኝም። ተማሪ የሆነው አንባቢያችን ነገ፥ ሥራ የጀመረው አንባቢያችንም ዛሬ፥ በዚያ መስኮት ውስጥ የሚቀመጠው እርሱ ራሱ ነውና ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባዋል። ለዚህም ምርመራ ከጌዴኦ ምድር፥ ከገደብ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ሁሉም ሥራ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ሲሆን

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ ሐዋሳን ያለፈ መንገደኛ ከጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ከዲላ ይደርሳል። ከዲላ በወናጎ፥ በይርጋጨፌና በኮቸሬ በኩል ወደ ደቡብ ሲዘልቅ የገደብን አገር ያገኛል። ዳገቱም ቁልቁለቱም ለምለም ነው። ከላይ ትልልቅ የጥላ ዛፎች ይታያሉ፤ ከእነርሱ ሥር እንሰት፥ ከእንሰቱ መካከል ደግሞ ቡና ይበቅላል። የማያውቅ ሰው ጫካ ይመስለዋል። ግን ጫካ አይደለም፤ የሰው እጅ ዛፍ በዛፍ የመረጠው፥ የተከለውና የገረዘው የአትክልት ስፍራ ነው። ይህም ጥበብ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በሪያድ ከተማ በተደረገው ጉባኤ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ለዚህ ትልቅ አትክልት ንድፍ ያወጣ መሐንዲስ የለም። ገበሬው ራሱ ለኪ፥ ራሱ ችግኝ አፍይ፥ ራሱ ቈፋሪ፥ ራሱም ጠባቂ ነው። የትኛው ዛፍ ለቡናው ጥላ እንደሚሰጥ፥ የትኛው እንሰት ለመጪው ዓመት እንደሚደርስ በራሱ ውስጥ ተጽፎአል። ሥራው ሁሉ በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ስለሆነም በእጅና በእጅ መካከል የሚጠፋ ነገር የለም።

ነገሩ የሚለወጠው ቡናው ለሩቅ ደንበኛ በሚታዘዝበት ጊዜ ነው።

የአንድ ኮንቴይነር ትዕዛዝ

ባሕር ማዶ ያለ አንድ ቡና ቈይ «የታጠበ የገደብ ቡና አንድ ኮንቴይነር እፈልጋለሁ» ብሎ ለላኪው ጻፈ እንበል። ወደ ውጭ የሚላክ ቡና የተለመደው ጆንያ 60 ኪሎ ነው። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ 320 ጆንያ ይገባል፤ ይህም 19,200 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት በግምት 6 ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋልና፥ ትዕዛዙን ለመሙላት ወደ 115,000 ኪሎ እሸት መለቀም አለበት። በጌዴኦ ከአንድ ሔክታር በታች መሬት ያለው ገበሬ ብዙ ነው። አንድ ገበሬ በአንድ ጊዜ 40 ኪሎ እሸት ተሸክሞ ይመጣል ብንል እንኳ፥ ያ አንድ የውጭ አገር ደብዳቤ ወደ 2,900 የሚጠጋ ሸክም ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ያመጣል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሸክም ወደ አንድ ኮንቴይነር የሚያደርሰው ሰንሰለት ስንት እጅ እንዳለው አሁን በተራ እንቍጠር።

የመጀመሪያው እጅ ለቃሚው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል። ከዚህ ላይ የተሳሳተ እንደሆነ በኋላ የሚያርመው ማሽን የለም።

ሁለተኛው በማጠቢያው ጣቢያ ደጃፍ የተቀመጠው መዛኝ ነው። እሸቱን አይቶ ይቀበላል ወይም ይመልሳል፤ መዝኖም ደረሰኝ ይቈርጣል። ይህችን ደረሰኝ አንባቢ እንዳይንቃት። ገበሬው የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆነ፥ ማኅበሩ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሲያከፋፍል የገበሬው ድርሻ የሚሰላው ባስገባው ቡና መጠን ነው። ደረሰኝ ያልተቈረጠለት 40 ኪሎ የገበሬው ላብ መሆኑ ይቀርና የማንም ይሆናል።

ሦስተኛው የጣቢያው ኃላፊ ነው። እሸቱ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይገባዋል። ከዚያም በጌዴኦ ልማድ ብዙውን ጊዜ ከ36 እስከ 48 ሰዓት በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ በቦይ ይታጠባል፤ በአልጋም ላይ ይሰጣል። አራተኞቹ በአልጋው ዙሪያ የሚሠሩት ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። 10 ወይም 15 ቀን ያህል ቡናውን ያገላብጣሉ፤ የተበላሸውን ይለቅማሉ፤ የቀትር ፀሐይ ሲበረታና ማታ ጤዛ ሲወርድ ይሸፍናሉ። በየአልጋው ላይ የቡናውን ቀንና ቍጥር የያዘች መለያ ወረቀት ትንጠለጠላለች። ያች ወረቀት ነፋስ ወስዷት እንደሆነ የትኛው ቡና የየትኛው ቀን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

አምስተኛው ገለፈት የለበሰውን ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው አቅራቢና ሾፌሩ ነው። ስድስተኛው ገለፈቱን አንሥቶ በመጠን የሚለየው ማዘጋጃ ነው። ሰባተኛው ቀማሹ ነው፤ ቡናውም ከአገር ከመውጣቱ በፊት በቡናና ሻይ ባለሥልጣን ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል። ስምንተኛው ላኪው ነው። ከደንበኛው ጋር የተዋዋለው፥ ናሙና የሚልከው፥ ሰነድ የሚያዘጋጀውና በባንክ በኩል ገንዘቡን የሚቀበለው እርሱ ነው። ዘጠነኛው ኮንቴይነሩን እስከ ጅቡቲ የሚያደርሰው አጓጓዥ ነው።

ዘጠኝ እጅ ቈጠርን፤ በዘጠኝ እጅ መካከል ደግሞ ስምንት የርክክብ ቦታ አለ። አለቆች ቍጥጥር ሲያደርጉ ብዙውን ጊዜ ዘጠኙን ሰዎች ይመለከታሉ። ስምንቱን የርክክብ ቦታዎች የሚመለከት ግን ጥቂት ነው።

አንዱን ርክክብ ብቻ ለምሳሌ እንውሰድ። በቡና ንግድ ልማድ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ናሙና ለደንበኛው ይላካል፤ ደንበኛው ቀምሶ «ይሁን» ሲል ቡናው ይጫናል። አሁን ናሙናውን ከጆንያው ውስጥ የሚያወጣው ማዘጋጃው ነው ወይስ ላኪው? የደንበኛውን መልስ የሚጠባበቀው ማን ነው? መልሱ ሲመጣስ ለማዘጋጃው የሚነግረው ማን ነው? ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ደንበኛው «ናሙናዬ አልደረሰኝም» እያለ፥ ላኪው «ተልኳል መሰለኝ» እያለ፥ ቡናው በመጋዘን ይሰነብታል። ቡና ደግሞ በመጋዘን ሲሰነብት ጣዕሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከላይ ያየነው ችግኝ በፀሐይ እንደ ደረቀ፥ ይህም በጥላ ውስጥ ይደርቃል ማለት ነው።

ስም ከዕቃው ጋር ያልተጓዘበት ጊዜ

የሥራ ድርሻ እንዴት እንደሚከፋፈል መወሰን ትንሽ ነገር አለመሆኑን የአገራችን የቡና ሕግ ታሪክ ያስረዳል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ቡና በዚያው በኩል መሸጥ ጀመረ። ገበያው ብዙ በጎ ነገር አመጣ። ዋጋ በግልጽ ታወቀ፤ ለሻጩም ገንዘቡ በቶሎ መከፈል ጀመረ። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይሸጥ ስለ ነበር የአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ከሌላው ጋር በአንድ ደረጃ ይጠቃለላል። ወርቃ፥ ባንኮ ጎቲቲ፥ ሃሎ በሪቲ የሚባሉት የገደብ ቀበሌዎች ስም ከመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይቀር ነበር። የላኪው ድርሻና የአቅራቢው ድርሻ በሕግ የተለያየ ስለ ሆነ፥ አቅራቢው ቡናውን ማን እንደ ጠጣው አያውቅም፤ ጠጪውም ማን እንዳበቀለው አያውቅም።

ከዚህ መንገድ ውጭ በቀጥታ መላክ ከተፈቀደላቸው መካከል የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባል ማኅበራቱን ቡና በየማኅበሩ ስም ለውጭ ገዢ ሊያቀርብ ችሏል። በኋላም የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ወጥቶ፥ አቅራቢውም ሆነ ገበሬው ቍጥጥሩን አሟልቶ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልክ በሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ማዶ የቡና መደብሮች የገደብን ስም፥ አልፎ ተርፎም የማጠቢያ ጣቢያውን ስም በቡናው ከረጢት ላይ ማየት የተለመደ ሆነ። የቡናው ተክል አልተለወጠም፤ አፈሩም ያው ነው። የተለወጠው የሥራ ድርሻው ካርታ ነው።

በወረቀት ላይ እንዴት ይሠመራል?

ሥራን በሥዕል አድርጎ የመመርመር ጥበብ አዲስ አይደለም። ፍራንክ ጊልብረዝ የሚባለው አሜሪካዊ በወጣትነቱ ግንበኛ ነበር። አንድ ግንበኛ አንድ ጡብ ለማስቀመጥ 18 ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ ቈጥሮ፥ እንቅስቃሴውን ወደ 5 ገደማ አወረደው። በኋላም ከባለቤቱ ከሊሊያን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1921 የሥራን ሂደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምልክት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ለአሜሪካ የመካኒክ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ከጊዜ በኋላ ሌሎች ጠበብት በዚያ ላይ ጨምረው ለእያንዳንዱ ባለ ድርሻ የራሱን መስመር ሰጡት፤ ሥዕሉም ዋናተኞች በየራሳቸው መስመር የሚዋኙበትን ገንዳ መሰለ። በአገራችንም በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ መሥሪያ ቤቶች መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፥ በተለምዶም ቢፒአር የተባለውን ጥናት ሲያካሂዱ ይህን የመሰለ ሥዕል በየግድግዳው ተለጥፎ ታይቷል። «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለው የሹመት ስምም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

ይህን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰፊ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ከሁሉ አስቀድሞ ደንበኛውን ወይም ባለጉዳዩን ከላይኛው መስመር ላይ አስቀምጡ፤ ሥራው የሚጀመረውም የሚያልቀውም በእርሱ ዘንድ ነውና። ከእርሱ በታች ለእያንዳንዱ ባለ ድርሻ አንድ አንድ መስመር ስጡ። በመስመሩ ላይ የሰው ስም ሳይሆን የሥራው ስም ይጻፍ፤ ሰው ይዛወራል፥ ይታመማል፥ ጡረታ ይወጣል፤ ሥራው ግን ይኖራል። ከዚያ በኋላ ትዕዛዙ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ በቀስት አመልክቱ። ቀስቱ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በሚሻገርበት ቦታ ሁሉ ክብ አድርጉበት። ያ ክብ የርክክብ ቦታ ነው፤ ችግኙ የሚደርቀውም እዚያ ነው።

በእያንዳንዱ ክብ ላይ አራት ጥያቄ ይጠየቃል። ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ቢጐድል የሚጠየቅበት ማን ነው? ከመሠራቱ በፊት ምክር የሚጠየቀው ማን ነው? ከተሠራ በኋላስ እንዲያውቅ የሚነገረው ማን ነው? የሚሠሩት ብዙ ቢሆኑ ግድ የለም፤ የሚጠየቅበት ግን አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ተጠያቂ ያለበት ሥራ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ውሎ ያድራል። በእመቤቲቱ ግቢ የጐደለውም አራተኛው ጥያቄ ነበር፤ ችግኙ የሚነሣበትን ቀን ለአትክልተኞቹ አለቃ እንዲነግር የታዘዘ ሰው አልነበረም።

ሥዕሉን በሚሠሩበት ጊዜ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥዕሉ አለቃው ሥራው እንዲህ ይሄዳል ብሎ የሚያስበውን ሳይሆን ሥራው በእውነት የሚሄድበትን መንገድ ማሳየት አለበት። ስለዚህ መዛኙን፥ ሾፌሩን፥ በአልጋው ዙሪያ ያሉትን ሴቶች ሄዶ መጠየቅ ይገባል። በጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሶንጎ የሚባል ሸንጎ አለ፤ በዚያ ነገር የሚፈታው ጉዳዩ የነካው ሰው ሁሉ ከተሰማ በኋላ ነው። የሥራ ካርታ የሚሠራ ሰውም ከዚህ ልማድ ቢማር አይጐዳም።

አዲስ ጥያቄ፥ ባለቤት ያልተሰጠው ሥራ

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ ለሚመስለው አንባቢ አንድ ነገር እንጨምር። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. አዲስ ደንብ አወጣ። ደንቡ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት የመጣ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ፥ ለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ የሚገኝበት ቦታ በምድር ካርታ ቍጥር እንዲመዘገብ ያዛል። የሚተገበርበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ወደ ፊት ተገፍቷል፤ ነገር ግን አገራችን ከቡና ደንበኞቿ ብዙዎቹ አውሮፓውያን ስለ ሆኑ ሥራው አይቀርላትም።

እነሆ አሁን በሥዕላችን ላይ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ሥራ ተጨመረ። በየማሳው ዞሮ ቍጥሩን የሚወስደው ማን ነው? የልማት ሠራተኛው፥ ማኅበሩ፥ አቅራቢው ወይስ ላኪው? መዝገቡን የሚጠብቀውስ ማን ነው? በመዝገቡ ላይ የገባው ስምና በሚዛኑ ደጃፍ የተቈረጠው ደረሰኝ አንድ መሆናቸውን የሚያመሳክረው ማን ነው? ለሥራው የሚወጣውን ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው? እያንዳንዱ «ይህ የሌላው ክፍል ሥራ ነው» ያለ እንደሆነ፥ በመዝገብ ያልሰፈረው ገበሬ ቡናው ከትዕዛዙ ውጭ ይሆንበታል። የሚያሳዝነውም ያ ገበሬ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ዛፍ ሳይቈርጥ፥ ቡናውን በጥላ ሥር ሲያበቅል የኖረ፥ መልክዐ ምድሩም በዓለም ቅርስነት የተመሰገነለት ሰው መሆኑ ነው። ዛፉን ጠብቆ ሳለ ዛፍ ቈራጭ አለመሆኑን የሚመሰክርለት ወረቀት ሊያጣ ይችላል፤ ያውም ክፉ ሰው ስላሰበበት ሳይሆን በአንድ ክብ ላይ ስም የሚጽፍ ስለ ጠፋ ብቻ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ የትኛዋ ሎሚ የእርሱ እንደሆነች ማወቅ አለበት። ያለዚያ አርባ ዘጠኙ ጌጥ ይሆኑና አንዲቱ በመንገድ ላይ ትቀራለች፤ የባለጉዳዩም ሎሚ እርሷ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፥ ነገ ጧት ወደ መሥሪያ ቤትህ ስትገባ፥ ተማሪም ብትሆን በክፍልህ ማኅበር ሥራ ላይ፥ በጠረጴዛህ ላይ ካሉት ፋይሎች አንዱን ምረጥ። ፋይሉ ከየት እንደ መጣና ከአንተ ቀጥሎ ወደ ማን እንደሚሄድ በወረቀት ላይ አሥምር። ከዚያም ተነሥና ያን ቀጣይ ሰው ሄደህ «ይህን ከእኔ ዘንድ ትጠብቃለህ?» ብለህ ጠይቀው። «አዎን» ካለህ መልካም። «እኔ? አልሰማሁም» ካለህ ግን ያንኑ ዕለት አለቃችሁ ዘንድ አብራችሁ ግቡና በክቡ ላይ የሚጠየቅበትን ሰው አስጽፉ፤ ከበር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይ አለና።